የፍቅሩ ሰንጢ

አቃቂ ውስጥ ቢላዋ የደነዘዘበት፣ ቁልፍ የተበላሸበት ሁሉ የሚሮጠው ወደ የሺዋስ ነው። ከአሮጌው ባቡር መንገድ ዳር ባለችው የቆርቆሮ ሱቁ ዕድሜውን ሙሉ ስለት ሲስል ኖሯል። ታዲያ ይኸ ሰው፣ ጉድ በሉ፣ ዶሮ ማረድ ይፈራል! ደም ማየት አይሆንለትም። ከሚስቱ ሌላ ይህን የሚያውቅ ጎረቤቱ ፍቅሩ ብቻ ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና። በየበዓሉ ዋዜማ ፍቅሩ በጓሮ አጥር ሾልኮ ይመጣና አርዶለት ይሄዳል። ትንፍሽ እንደማይል የሺዋስ ያምነው ነበር።

ፍቅሩ ካረፈ ይኸ የመጀመሪያው ፋሲካ ነው። የሺዋስ ለሚስቱ «ዘንድሮ የቅርጫው ሥጋ ይበቃናል» ብሎ ዶሮውን አስቀርቷል። ቅዳሜ ጠዋት የፍቅሩ ባለቤት ብዙወርቅ አንዲት ሰንጢ በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ከሱቁ ደረሰች።

«ይቺ ነገር ተከፍታ አልቆም አለች። ወዲያው ትታጠፋለች፤ ጣቴን ልትበላኝ!»

ፍቅሩ የሚያርድባት ሰንጢ ናት። የሺዋስ አወቃት። ሞርሳው ላይ አሰራትና ፈታታት። ስለቷን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ሞላ በደረቀ ደም ተጣብቋል፤ ከሥሩ የገብስማ ላባ ወጣ። የገናው ዶሮ፣ የእሱ የራሱ ዶሮ፣ ገብስማ ነበር። በጋዝ አጠባት፤ ሞላው የሚገባበትን የተበላ ጥርስ በሞረድ አስተካክሎ ገጠማት። ሲከፍታት ቀጭ ብላ ቆመች፤ ቢጫናትም አልታጠፈችም።

«እንግዲህ ተነስ» አለችው ብዙወርቅ። «ዶሮዬ ታስራ ትጠብቃለች። ሴት አታርድ ነገር! የሱን ሰንጢ ደግሞ ባዳ እንዲይዛት አልፈልግም።»

የሺዋስ ሰንጢዋን በጨርቅ ወለወላት። እሺ ቢል መዋረዱ ነው፤ እምቢ ቢል የጓደኛውን ቤት በፋሲካ ያለ ዶሮ ማስቀረቱ ነው። እንዴት አድርጎ እምቢ ይበላት? ተከተላት።

ግቢዋ ውስጥ የዶሮዋን ክንፍ ረግጦ ጎንበስ አለ። «በስመ አብ…» አለና ሰንጢዋን አስጠግቶ መልሶ አራቃት።

ብዙወርቅ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ «ዓይንህን ጨፍን» አለችው ቀስ ብላ።

«ምን አልሽ?»

«ፍቅሩም ጨፍኖ ነው የሚያርደው። ደም አይችልም ነበር እኮ! የኛን አርዶ ቁጭ ይላል፤ ፊቱን ታጥቦ፣ አማትቦ፣ ደግሞ ወዳንተ ይሄዳል። ‹ተው ይቅርብህ› ስለው፣ ‹የሺዋስ ከኔ ይብሳል› ይለኝ ነበር።»

የሺዋስ እንባው መጣ። ያ ሁሉ በዓል፣ ያ ሰው ሁለት ጊዜ ሲፈራ ኖሯል። በክርኑ ዓይኑን ጠራረገ፤ ከዚያም ጨፈነው። ሰንጢዋ አልታጠፈችም።

አጥቦ፣ አድርቆ ሲሰጣት ብዙወርቅ አልተቀበለችውም።

«አንተ ጋ ትቀመጥ» አለችው። «ለእንቁጣጣሽ በጓሮ በኩል ይዘሃት ና።»