የኢስት ዮርኩ ፈንጂ ፈላጊ

ዛሬ በካናዳው ኢስት ዮርክ፣ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ስለ ስለሺ ብትጠይቁ ክፉ የሚናገር ሰው አታገኙም። አንድ ሰሞን ግን እነዚሁ ሰዎች «አብዷል» ብለው ከንፈራቸውን መጠውለታል። አብዷል ብዬ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ስለዚህ የዚህን ሰው ነገር ለመጻፍ ከእኔ የቀረበ የለም።

ጊዜው በፈረንጆቹ 1994 በጋ ነበር። ልጄ መሰረት ቀን ቀን ሆስፒታል ሥራ ላይ ትውላለች፤ እኔ የልጅ ልጄን ሳምሪን በጋሪ እየገፋሁ ከፎቃችን በስተጀርባ ወዳለው ፓርክ እወስዳታለሁ። እሷ አሸዋ ስትቆፍር እኔ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሰው አያለሁ። የሚያስለው ካየሁ ዝንጅብል ትዝ ይለኛል፤ ጃኬት ሳይለብስ የወጣ ልጅ ካየሁ እናቱን በዓይኔ ስፈልግ እውላለሁ። ማንም አልቀጠረኝም፤ ግን ከሥራው ቀርቼ አላውቅም።

አንድ ጠዋት ረጅም፣ ቀጭን አበሻ ከዛፎቹ ሥር ብቅ አለ። ጫፉ ላይ እንደ ሰሃን ያለ ክብ ነገር ያለበት ዘንግ ይዞ፣ ሣሩ ላይ ወዲህና ወዲያ እያወዛወዘ ቀስ ብሎ ይራመዳል። ጆሮዎቹን በጥቁር ነገር ደፍኗል።

«ጤና ይስጥልኝ ልጄ» አልኩት። ዝም። ጮክ ብዬ ደገምኩት። አሁንም ዝም። ከዚያ ተንበረከከና ሣሩን በቢላዋ እንደ ክዳን ገልጦ አፈሩን በጣቱ ፈተሸ። አንድ ነገር አወጣ፤ ሱሪው ላይ ጠረገው፤ ብቻውን ሳቀ፤ ወገቡ ላይ ባንጠለጠለው ከረጢት ከተተው። በአጠገቤ ሲያልፍ አንገቴን አስግጌ አየሁ። ከረጢቱን ቆርኪ ሞልቶታል።

የእግዜር ሰላምታ አይመልስ፣ መሬት እየጫረ ብቻውን ይስቅ፣ ቆርኪ ይልቀም! ጆሮውንም የደፈነው የሚያስቸግረው ድምፅ ቢኖር ነው አልኩ። ሐኪም ከዚህ በላይ ምን ምልክት ይፈልጋል?

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ለወዳጄ ለአዲስአለም ነገርኳት። ባሏ የጦር መኮንን ስለነበረ የጦር መሣሪያ ነገር ከእሷ አያልፍም። የዘንጉን አያያዝ በእጄ እያሳየሁ ስነግራት ፊቷ ተለወጠ።

«እትዬ አስካለ፣ ይሄ እኮ ፈንጂ መፈለጊያ ነው!»

«ፓርኩ ውስጥ ፈንጂ አለ እንዴ?»

«ኧረ የለም! እሱ ግን ያለ ይመስለዋል። ጦርነቱ ከጭንቅላቱ አልወጣለትም።»

እንባዬ መጣ። ምስኪን! ከጦር ሜዳ ተርፎ መጥቶ፣ ሳምሪ የምትሮጥበትን ሣር በየጠዋቱ ፈንጂ ይጠርግላታል። እኔ ደግሞ ሰላም አላለኝም ብዬ ተቀይሜዋለሁ። ያን ዕለት ያገኘሁትን ሰው ሁሉ «ጸልዩለት» አልኩ። ስሙን ስለማላውቅ ቁመቱን፣ መልኩን፣ የጃኬቱን ቀለም ሳይቀር ነገርኩ፤ ጸሎቱ ወደ ሌላ ሰው እንዳይሄድ።

ሰኞ ጠዋት ጠበል በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዤ ወጣሁ። ተንበርክኮ አገኘሁት። ከኋላው ቀስ ብዬ ደረስኩና «በስመ አብ» ብዬ ከአናቱ እስከ ማሽኑ ጠበሉን አፈሰስኩበት።

ማሽኑ ጮኸ። እሱም ጮኸ። ሳምሪ በሳቅ ተንከተከተች።

«ምን ሆነው ነው እማማ?» አለ ጥቁሩን ማዳመጫ ከጆሮው እየነቀለ።

«አይዞህ ልጄ፣ ጦርነቱ አልቋል።»

«የቱ ጦርነት?»

«ፈንጂ የለም። ካናዳ ነው ያለኸው።»

ከፀጉሩ ውሃ እየተንጠባጠበ ትንሽ አየኝ። ከዚያ ሣሩ ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

ለካስ ስለሺ ጠመንጃ ነክቶ አያውቅም። ድሬዳዋ ፖስታ ቤት ቴምብር ሲሸጥ የነበረ ሰው ነው። በሱዳን በኩል መጥቶ አሁን ኢቶቢኮ የሚባል ሰፈር መጋዘን ውስጥ ሌሊት ሌሊት ዕቃ ይጭናል። ጠዋት ሲመለስ፣ ከመተኛቱ በፊት፣ ሰዎች ደጃቸው አውጥተው ከሚሸጡት አሮጌ ዕቃ መካከል የገዛውን ይህን ማሽን ይዞ ፓርክ ይወጣል። ማሽኑ ብረት ሲያሸት በማዳመጫው ይጮህለታል። የሚፈልገው የጥንት ሳንቲም ነው። ቆርኪውን የሚለቅመውም በሌላ ቀን መልሶ እንዳያታልለው ነው።

ከደረት ኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለ ትልቅ የመዳብ ሳንቲም አውጥቶ መዳፌ ላይ አኖረልኝ። አንድ ጢማም ንጉሥ አለበት።

«ዓመቱን ያንብቡት እስቲ።»

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ሃምሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ በቀበሌ መሠረተ ትምህርት ነው። ዛሬም ሰው እያየኝ ሳነብ ያልበኛል። ጣቴን እያስኬድኩ «አሥራ ዘጠኝ መቶ... አሥራ ሰባት» አልኩ።

«ይሄንን የጣለችው ዳቦ የተላከች ልጅ ትመስለኛለች» አለ። «ቤት ስትመለስ ምን ብላ ይሆን?»

ለዚያች ልጅ ሁለታችንም አዘንን። ስለሺን የወደድኩት ያኔ ነው።

ወሬዬ ግን እኔን ሳይጠብቅ ሄዷል። በሚቀጥለው ሳምንት ስለሺ ማሽኑን ሳይዝ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ሜሮን የምትባል ልጅ አለች» አለኝ። «ለቅዳሜ ሽማግሌ ልልክ ተዘጋጅቼ ነበር። አባቷ አቶ ኃይለማርያም ‹ልጄን ለፈንጂ ፈላጊ አልሰጥም፣ ሽማግሌም እንዳይመጣብኝ› አሉ። ጃኬቴ ሳይቀር ተነግሯቸዋል።»

«ማን ነገራቸው?» አልኩ፣ እንደማያውቅ ሰው።

ስሜን አልጠራም። ጨዋ ልጅ ነው። «እሷ እኔን ትፈልጋለች፤ ያለ አባቷ ፈቃድ ግን አታገባኝም» አለ ብቻ።

ቅዳሜ ስለሺን ከነማሽኑ አስከትዬ አውቶቡስ እየቀየርኩ ኢቶቢኮ፣ ሜሮን አባት ቤት ሄድኩ። አቶ ኃይለማርያም በሩን ከፍተው ከነጠላዬ ወደ ማሽኑ፣ ከማሽኑ ወደ ስለሺ አዩ።

«ሽማግሌ እንዳይመጣብኝ ብዬ ነበር» አሉ።

«ሽማግሌ አይደለሁም፤ አሮጊት ነኝ።»

ባለቤታቸው ውብአለም ከኋላቸው ሳቀች፤ ያስገባን የእሷ ሳቅ ነው። ወሬውን ያወጣሁት እኔ መሆኔን፣ የጠበሉንም ነገር ሳልደብቅ ተናገርኩ።

«እሺ፣ ዕብድ አይደለም እንበል» አሉ አቶ ኃይለማርያም። «ታዲያ ጤነኛ ሰው ምን አገኛለሁ ብሎ መሬት ሲጭር ይውላል?»

«እስቲ ራስዎ ይሞክሩት» አልኩ። ይህን ያለችው ምላሴ ናት፤ እኔን አላማከረችኝም።

ሁላችንም ወደ ጓሮ ወጣን። ስለሺ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «እማማ፣ ማሽኑ ከጠበሉ ወዲህ ጤና የለውም። ባዶ መሬት ላይ ይጮሃል» አለኝ። ይህ ነገር አውቶቡስ ውስጥ ቢነገረኝ ምን ነበረበት?

ማሽኑ ጽጌረዳው ሥር ጮኸ። አቶ ኃይለማርያም ቆፈሩ፤ ምንም የለም። አጥሩ ሥር ጮኸ፤ ቆፈሩ፤ ምንም የለም። ሣሩ መካከል ጮኸ። ኮታቸውን አወለቁ። ውብአለም በመስኮት ብቅ ብላ «አንተ ሰውዬ፣ ድንች ልትተክል ነው?» ትላለች። ሜሮን ከእናቷ ትከሻ ኋላ ቆማ ጥፍሯን ትበላለች። አንዲት ሳንቲም ብቻ ብትወጣ! ቀስ ብዬ መቀነቴን ፈታሁና ከቋጠርኩት ሳንቲም አንዷን ያዝኩ። አቶ ኃይለማርያም ላባቸውን ሊጠርጉ ቀና ሲሉ ጉድጓዱ ውስጥ ጣል አድርጌ በጫማዬ አፈር መለስኩባት። በሆዴ ራሴን አደነቅኩ።

«አገኘሁ!» አሉ። መነጽራቸውን አድርገው ሳንቲሟን ወደ ብርሃን አዞሯት።

«አሥራ ዘጠኝ መቶ ዘጠና አራት» አሉ በመጨረሻ። «የዘንድሮ ናት።»

በእርጅናዬ ማንበብ ተማርኩ ብዬ የምኩራራ ሴትዮ፣ በሚያስፈልገኝ ቀን ሳላነብ ጣልኳት።

አቶ ኃይለማርያም ፊታቸውን አጥቁረው ወደ ስለሺ ዞሩ። «አንተ ነህ የጣልካት?»

ስለሺ አየኝ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ «አዎ፣ እኔ ነኝ» አለ።

«ኧረ እኔ...» ብዬ ልጀምር ስል አቶ ኃይለማርያም እጃቸውን አነሱ። አፈር የነካውን ጫማዬን አዩ፤ ወገቤን አዩ።

«እማማ፣ መጀመሪያ መቀነትዎን ይታጠቁ» አሉኝ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ ጉድጓዱማ በየቦታው ተዘጋጅቷል።

«አንተ ደግሞ» አሉት ስለሺን፣ «አሮጊቷ እንዳያፍሩ ብለህ ልጄን ልታጣት ነበር እኮ።»

«ምን ላድርግ» አለ ስለሺ። «ለእኔ ብለው ነው የጣሏት።»

አቶ ኃይለማርያም ሳንቲሟን ሸሚዛቸው ላይ ጠረጓት፤ ልክ እሱ እንደሚያደርገው። አዩዋትና ሳይፈልጉ ሳቁ። ሜሮን ጥፍሯን መብላት አቆመች። ውብአለም ከመስኮቱ ጮኸች፤ «በል እንግዲህ ሽማግሌዎቹን ጥራቸው፣ ጓሮዬ ሳያልቅ!»

«በሚመጣው ቅዳሜ ላካቸው» አሉ አቶ ኃይለማርያም። «ማሽንም ይዘህ ና። ያልተጠመቀ ካለህ።»

በጥር ተጋቡ። ያቺ የዘንድሮ ሳንቲም ዛሬ ቤታቸው መደርደሪያ ላይ ከጢማሙ ንጉሥ አጠገብ ተቀምጣለች፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ሜሮን አውርዳ «እማማ፣ ያንብቡልን» ትለኛለች። አነባታለሁ፤ ምን አደርጋለሁ።

እኔም ተምሬያለሁ። አሁን ሰላምታ የሚነሳኝ ሰው ካጋጠመኝ መጀመሪያ ጆሮውን አያለሁ፤ ጠርሙሱንም ቤት ትቼ እወጣለሁ። ባለፈው ሳምንት ፓርኩ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ወደ ኋላ እየተራመደ ብቻውን ሲያጨበጭብ አየሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ለእናንተ ካልሆነ በስተቀር።