የአነፍናፊው ጆሮ

ሬዲዮ ጠጋኙን ጓደኛችንን ሁላችንም «አነፍናፊው» ነው የምንለው። የሮኬት ማኅበራችን ስምንት አባላት አሉት፤ ሁላችንም ከሃምሳ ዓመት በላይ ነን። ቤተሰቦቻችን የልጅ ሥራ ይሉታል፤ አልተሳሳቱም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከከተማው ዳር ካለው ሜዳ ላይ፣ ክንድ የሚያህል የካርቶን ሮኬት እንተኩሳለን። መተኮሱስ ቀላል ነው፤ ጣጣው የወደቀበትን ማግኘቱ ላይ ነው።

ከውጭ የሚመጣው መፈለጊያ የማቀዝቀዣ ዋጋ ያወጣል። አነፍናፊው ግን ከተበላሸ የመኪና ሪሞት የክብሪት ቀፎ የምታክል አስተላላፊ ሠርቶ ሮኬቱ ውስጥ ከተተ። አንቴናውን ደግሞ የአናጺ የብረት ሜትር ቆራርጦ የውሃ ቧንቧ ላይ አሰረው። አንቴናው ወደ ሮኬቱ ሲዞር ከእሱ ጋር የተያያዘው መቀበያ ሬዲዮ የሚያሰማው «ጢጥ፣ ጢጥ» ይጎላል፤ ፊቱን ሲያዞር ይደክማል። ጠቅላላ ወጪው ጫማ ከማስጠገን አይበልጥም።

ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ሮኬት አልጠፋብንም። እሱ አንቴናውን ይዞ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ባለቤቱ፣ ጡረታ የወጣች የስልክ ኦፕሬተር፣ ኮቱን ከኋላ ይዛ ትከተለዋለች። «አይ ፍቅር» እያልን እንቀልድባቸው ነበር። የእኔ ሚስት ሜዳውን ረግጣው ስለማታውቅ፣ ቀልዴ ውስጥ ትንሽ ቅናት ነበረበት።

ባለፈው ቅዳሜ ባለቤቱ እህቷን ልትጠይቅ ስለሄደች ብቻውን መጣ። እንደ ልማዱ ዞረ፣ ቆመና ፈርጠም ብሎ «በዚህ ነው» አለ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተጓዝን። ሮኬቱን ያገኘው ጉልበቱን አሞት ከዕቃው ጋር የቀረው ሊቀመንበራችን ነው፤ ከተነሣንበት መቶ እርምጃ አይርቅም።

ሊቀመንበሩ የቀድሞ የሒሳብ መምህር ነው፤ ዙሪያ ጥምጥም አያውቅም። መቀበያውን ጆሮው ላይ አድርጎ «ይሄ እኮ እየጮኸ ነው» አለው።

«ባትሪው ነው» አለ አነፍናፊው።

«እንግዲያው በሚቀጥለው ቅዳሜ ከጠፋብህ አንቴናውን ለሌላ ሰው እንሰጣለን።»

ሠላሳ ዓመት በጆሮው እንጀራ የበላ ሰው ነው። አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

እኔ ፋርማሲስት ነኝ። ሰኞ የጆሮ ጠብታ ይዤ ሱቁ ሄድኩ፤ እሱ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ ይበይዳል። ባለቤቱ ከባንኮኒው ወጥታ ጠብታውን አየችና «አይረዳውም» አለችኝ። «ቀጭን ድምፅ መስማት ካቆመ ሦስት ዓመቱ ነው። ሲጎላ ኮቱን የምጎትትለት እኔ ነኝ።»

ይህን እያለች ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ካለ አዲስ መቀበያ ላይ አረፈ። ፊቱ ላይ ከአሮጌ ቴፕ የተነቀለ መርፌ ተገጥሞለታል።

«ይሄስ የማነው?» አለችው።

«የደንበኛ ነው፤ ጆሮው አይሰማም። ድምፁ ሲጎላ መርፌው ወደ ቀኝ ይሄዳል።»

«ስንት ቀን ፈጀብህ?»

«ግማሽ ቀን።»

«ሁለት ዓመት በእሾህ ውስጥ ስታስከትለኝ፣ ለራስህ ግማሽ ቀን አጣህ?»

መበየጃውን አስቀመጠ። «ለራሴ ከሠራሁት፣ አንቺ ቤት ትቀሪያለሽ ብዬ ነው» አለ።

እኔ መደርደሪያውን ማየት ጀመርኩ። እሷ መቀበያውን አንስታ በጋዜጣ ጠቀለለችው፤ በሽቦም ጠፍራ አሰረችው።

«ዛሬውኑ ለደንበኛው ስጠው» አለችው። «እዚህ ቤት እንዳላየው።»