አውሮፕላን በወይጦ አይዞርም

እናታችን ያረፈችው ማለዳ ነው። አርባ ምንጭ መምህር የነበረው ታላቅ ወንድሜ በስልክ ሲረዳ፣ «ፊቷን ሳላይ አፈር እንዳታለብሷት» አለ። በዚያ ቀን አርባ ምንጭ ነክቶ ወደ ጂንካ በሚመጣው አውሮፕላን ቦታ አገኘ። ቀብሩን የሚያስፈጽሙት የቤተ ክርስቲያናችን ወንጌላዊ እስከ አሥር ሰዓት እንደሚጠብቁት ተናገሩ።

እኔና ወንድሜ አንዋደድም። እሱ ተምሯል፤ እኔ ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ የጭነት መኪና ረዳት ሆንኩ። ከአርባ ምንጭ ጂንካ ባለው መንገድ ዳር ያሉትን የኪሎ ሜትር ድንጋዮች በሙሉ በደብተር ጽፌ ነበር። «ድንጋይ ቆጣሪ» ይለኛል።

ስምንት ሰዓት ላይ ደወለ። «ልንነሳ ነው» ብሎ ዘጋው።

ያኔ የጂንካ አውሮፕላን ማረፊያ ከተማው መሀል ያለ የሣር ሜዳ ነው፤ ከብት ይግጥበታል። ከብቱን የሚያባርሩት ዘበኛ ጎረቤታችን ስለሆኑ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ከአባቴ ጎን ተቀምጠዋል። ጠቀሱኝ።

«አንተ መንገድ ታውቃለህ፤ በስንት ደቂቃ ይደርሳል? ካሁኑ ብነሳ አባትህ ይከፋዋል።»

ደብተሬን አወጣሁ። ከአርባ ምንጭ ኮንሶ፣ ከኮንሶ ወይጦ፣ ከወይጦ ቀይ አፈር፣ ከቀይ አፈር ጂንካ። ደመርኩ። የአውሮፕላኑን ፍጥነት ከአንድ መንገደኛ ሰምቼ ጽፌዋለሁ፤ ለእሱ አካፈልኩ።

«ሃምሳ ደቂቃ» አልኳቸው። በዚያ ቀን እንኳ በስሌቴ ኮርቼ ነበር።

ሃያ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ድምፁ መጣ። ዘበኛው ዱላቸውን ይዘው ሮጡ፤ ተከተልኳቸው። ሜዳው ላይ በሬውም ፍየሉም ተበትኗል። አውሮፕላኑ ሦስት ጊዜ ዞረ። ከብቱን ጠርገን ስንጨርስ ከተራራው በኩል የመጣው ዝናብ ሜዳውን ሸፈነው። አውሮፕላኑ ወደመጣበት ተመለሰ። በአሥር ሰዓት እናታችንን በዝናብ ቀበርናት።

ወንድሜ በማግስቱ በጭነት መኪና መጣ። ለአባቴ እንኳ ሰላምታ ሳይሰጥ የዘበኛውን ኮሌታ ያዘ።

«አንተ ሽማግሌ! ፍየል ማባረር ከብዶህ ነው?»

ሽማግሌው በአገጫቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። «ወንድምህን ጠይቀው። ሃምሳ ደቂቃ ያለኝ እሱ ነው።»

ወንድሜ ደብተሬን ነጥቆኝ አነበበ። ሳቀ፤ ከስድብ የባሰ ሳቅ።

«ወይጦ? አንተ ደንቆሮ፣ ፓይለቱ ወይጦ ወርዶ ሻይ ሊጠጣ ነው?» ደብተሩን ጭቃው ላይ ጣለው። «ድንኳኑን በመስኮት አየሁት። ሦስቴ። አንተስ ፊቷን አይተሃል?»

«አይቻለሁ።»

«ያየኸውን ብቻህን ብላው እንግዲህ።»

ሲሄድ ከትምህርት ቤት ካርታ ተዋስኩና በአርባ ምንጭና በጂንካ መካከል ክር ወጠርኩ። ቀጥታው የመኪናውን መንገድ ግማሽ እንኳ አይሞላም።

አሁን ማረፊያው ከከተማው ወጥቶ ታጥሯል፤ ከብት አይገባበትም። ወንድሜ በዓመት አንዴ በአውሮፕላን መጥቶ መቃብሯ ላይ ይቀመጣል። ሲመለስ የሚያልፈው በቤቴ በር ነው። በሩን ክፍት አደርጋለሁ፤ ገብቶ አያውቅም።