በወጌሻው ላይ ያላከክሁት ጉልበት

ይህን ለእናቴም ለነፍስ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ሁለት ጊዜ ልናዘዝ ሄጄ ሌላ ሌላውን ኃጢአት ዘርዝሬ ተመልሻለሁ። ዛሬ የምጽፈው ደፍሬ ሳይሆን ፈርቼ ነው፤ ሰውየው ሳልደርስላቸው ቢሞቱስ ብዬ።

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ተወልጄ ያደግሁ የጎንደሬዎች ልጅ ነኝ። ካርቱም ለአንድ ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ እጫወት ነበር፤ ጦርነቱ ሲነሳ ወደ እናቴ ተመለስሁና እዚሁ ላለ ኮሌጅ ቡድን ተዛወርሁ። ገና ሳልለምዳቸው፣ አንድ ቀን ልምምድ ላይ ዘልዬ ስወርድ ቀኝ ጉልበቴ ከዳኝ። ሐኪሙ ጅማቱ ተጎድቷል፣ ስድስት ወር ሩጫ የለም አለ። አሠልጣኙ ቦታህን እጠብቅልሃለሁ ቢለኝም፣ ለአዲስ ሰው እስከ መቼ ይጠበቃል? ሜዳ ዳር ተቀምጬ በእኔ ቦታ የገባው ተጫዋች ያስቆጠራቸውን ኳሶች አንድ በአንድ እቆጥር ነበር።

እናቴ በሐኪም ብቻ አላረፈችም፤ አያ ወርቁ ዘንድ ወሰደችኝ። አያ ወርቁ ለሰሊጥ አጨዳ ከመተማ መጥተው በዚያው የቀሩ ወጌሻ ናቸው። አጫጅ ሁሉ ትከሻው ሲወልቅ የሚሮጠው ወደ እሳቸው ነበር። ጉልበቴን በሰሊጥ ዘይት አሹት፣ በጨርቅ ጠቀለሉት፣ ግን አልጎተቱትም።

«ይሄ የሐኪም ነው ልጄ። የኔ እጅ እብጠቱን ቢያስታግስ ነው። ብቻ እንዳትሮጥበት» አሉኝ።

ሮጥሁበት። በአራተኛው ወር ማንም ሳይፈቅድልኝ፣ በማለዳ ብቻዬን ሜዳ ገብቼ ሮጥሁ፤ ዘለልሁ፤ ወደቅሁ። እኔ ነኝ ያደረግሁት፣ እኔ ራሴ።

በማግስቱ አሠልጣኙ እብጠቱን አይቶ «ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ምን አድርገህ ነው?» ሲለኝ አፌ ቀደመኝ። «ወጌሻ ጎትቶኝ ነው» አልሁ። ማን ይጠራጠራል? ወጌሻ ያበላሸው እግር ወሬ ያልሰማ የለም። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ፤ ቡድኑ ከንፈሩን መጠጠልኝ፤ ቦታዬም ተጠበቀልኝ።

እናቴ ግን አልቻለችም። አያ ወርቁ ደጃፍ፣ አጫጆቹ በተሰበሰቡበት፣ «ልጄን አካለ ስንኩል አደረግህብኝ» ብላ ጮኸች። እሳቸውን «አንተ» ስትል ያን ቀን ሰማሁ። እኔ ምርኩዜን ይዤ ከኋላዋ ቆሜያለሁ። እሳቸው ወደ እኔ ዞረው፣ «ጎተትሁህ እንዴ ልጄ?» አሉኝ።

አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። መሬት መሬት አየሁ። ከዚያ ወዲያ ደጃቸውን የረገጠ አልነበረም፤ አጨዳው ሲያልቅ ወደ ሀዋታ ከተማ ሄዱ።

እኔ ድኜ እጫወታለሁ። በቅርቡ ግን ከሀዋታ የመጣ አንድ አጫጅ እናቴ ቤት ሻይ እየጠጣ ያወራው ሰላም ነሳኝ። አጫጆቹ ትከሻው የወለቀ ጓደኛቸውን ይዘው ቢሄዱ፣ አያ ወርቁ አልነካም ብለዋቸዋል። «ገዳሪፍ የአንድ ልጅ ጉልበት አበላሽቻለሁ። ሳይታወቀኝ ጎትቼው ይሆናል፤ እጄን አላምነውም» ብለው።

ሥራቸውን ብቻ የወሰድሁባቸው መስሎኝ ነበር። ለካ እሳቸውም አምነውኛል!

ሀዋታ የአንድ ቀን መንገድ አይሞላም። በየሳምንቱ እሄዳለሁ እላለሁ፤ በየሳምንቱ ልምምድ አለብኝ እላለሁ። ቢያዩኝ ምን እላለሁ? ቢሞቱስ? ልጅነት ነው፣ ፍርሃት ነው አልልም፤ አውቄ ነው የዋሸሁት። ከእናንተም ይቅርታ አልጠይቅም፤ የበደልሁት እናንተን አይደለም። አያ ወርቁ አልጎተቱኝም። ይህን እናንተ ዛሬ አወቃችሁ፤ እሳቸው ግን ገና አያውቁም።