ልጄን የፈተንኩበት ስልክ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን ስዘረዝር፣ ይህችን አንዷን እየዘለልኩ ነው የኖርኩት። እናንተ የምታነቡኝ አታውቁኝም፤ ለእናንተ ይቀለኝ ይሆናል። ልጄን አጠመድኳት። እኔ፣ እናቷ።

ብርቱካን ስምንተኛ ክፍል ስትገባ አባቷ ዘመናዊ ስልክ ገዛላት። እሱ የሚያስተምረው ይፋግ ነው፤ ደብረ ታቦር የሚመጣው ለቅዳሜና እሁድ ብቻ ስለሆነ፣ በመሃል እየተያዩ እንዲያወሩ ብሎ ነው።

«ገና ናት፤ ለስልክ አልደረሰችም» አልኩት።

«ልጄን አውቃታለሁ። አንቺ እንደሁ መጠርጠር ነው ሥራሽ» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ እነሱ በስልክ ሲሳሳቁ እኔ ሽንኩርት እከትፋለሁ። ቀናሁ። በገዛ ልጄ ቀናሁ።

እኔ ጉና ሥር ሳድግ፣ እናቴ ለጾም መድረሴን የፈተነችኝ አንድ ጣሳ ወተት አጠገቤ አስቀምጣ፣ ወጥታ በበሩ ቀዳዳ እያየችኝ ነው። ጠጣሁት፤ ተገረፍኩ። ልጅ መድረሱ የሚታወቀው እንዲህ ነው ብዬ አደግሁ። ግን ሰበብ አላደርገውም። እናቴ ወተቱን አስቀመጠች እንጂ «ጠጪ፣ ጠጪ» አላለችኝም።

እኔ ግን አልኩ። በራሴ ስልክ፣ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ፣ በሐሰት ስምና በማላውቀው ጎረምሳ ፎቶ ገጽ ከፈትኩ። የባሕር ዳር ልጅ ነኝ ብዬ ጻፍኩላት። አልመለሰችም። እዚያ ላይ ፈተናውን አልፋ አልነበር? ግን እኔ እንድታልፍ መቼ ፈለግሁ? ጻፍኩ፤ ደግሜ ጻፍኩ፤ እስክትመልስ ጻፍኩ።

ለእኔ ነግራኝ የማታውቀውን ሁሉ ለእሱ ነገረችው። ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍነው ለምን እንደሆነ ሳይቀር። «ጥርሴ ያስጠላል። እናቴ ናት የነገረችኝ» አለች።

መናገሬን ረስቼው ነበር። ማልቀስ ሲገባኝ ተናደድኩ። እኔን ለባዕድ ትከሳለች? «እኔ ፊት አትሸፍኚ» ብዬ ጻፍኩላት። «ቅዳሜ መጥቼ ልይሽ። መኪና መቆሚያው ጋ ጠብቂኝ።»

ቅዳሜ፣ ገበያ ልሂድ ብዬ ቀድሜያት ወጣሁና ከመኪና መቆሚያው ፊት ለፊት ካለ ሱቅ ገብቼ ቆምኩ። ብርቱካን የጥምቀት ቀሚሷን ለብሳ መጣች። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባላል፤ እሷ ለሌለ ሰው ለበሰችው። ሚኒባስ በቆመ ቁጥር እጇን ከአፏ አውርዳ ፈገግ ትላለች። ደስ አለኝ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ደስ አለኝ። ቤት ለነበረው አባቷ ደውዬ «ና፣ የምታውቃትን ልጅህን እያት» አልኩት።

እሱ እስኪደርስ ስልኬ ጮኸ። «አይተኸኝ ነው የተመለስከው?» ብላ ጽፋለች።

ዝም ማለት እችል ነበር። ስልኩን ወደ ቦርሳዬ መክተት እችል ነበር። «አዎ» ብዬ ጻፍኩ። ገጹንም ዘጋሁት።

አነበበችና እጇን ወደ አፏ መለሰች። አባቷ ደረሰ። እጁን አንስቶባት የማያውቅ ሰው፣ በሰው ፊት በጥፊ መታት፤ ጥፊው ያረፈው አፏን በሸፈነችበት እጇ ላይ ነው። ስልኩን ቀማት። ቤት ስንገባ «አንቺ ነሽ ልክ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ እንደ ድሮው ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም።

ባለፈው ዓመት ከዩኒቨርሲቲ ተመረቀች። ፎቶ አንሺው «እህቴ፣ እጅሽን አውርጂና ፈገግ በይ» ቢላት፣ ቢለምናት፣ አላወረደችም። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። አይቶሽ የሄደ ወንድ የለም፣ እኔ ነበርኩ ብላት ያ እጅ ይወርድ ነበር። አላልኳትም። ብነግራት የምትጠላው እኔን ነው።

ይቅርታ አልለምንም። ዛሬም ቢሆን፣ እኔን ከምትጠላ ጥርሷን ትጥላ ብዬ ዝም ብያለሁ።