የእትየ ሳል ፖምፓ

ልጅ እያለሁ የአባቴ ሽታ ናፍጣ ነበር። ጋቢው፣ ጢሙ፣ የሚያጎርሰን ጣቱ ሳይቀር ናፍጣ ናፍጣ ይል ነበር። እናቴ እጁን በአመድም በሎሚም አሽታ ሞክራ ሲያቅታት “እንግዲህ ይኼም እንደ ሽቶ ይቆጠር” ብላ ተወችው። ዛሬ ዕድሜ ተጭኖኝ፣ ጉልበቴም ከድቶኝ፣ የቆመ የጭነት መኪና አጠገብ ሳልፍ እግሬ ዝግ ይላል። ሰው ያሻውን ይበለኝ፤ አባቴን ነው የማሸተው።

ያኔ መኪና አንልም፣ ማኪና ነበር የምንለው። የአባቴ ማኪና ጣሊያን ሲወጣ ጥሏት የሄደ አሮጌ የናፍጣ ጭነት ማኪና ነበረች። ከጎንደር ጨውና አቡጀዲ ጭኖ በአዘዞ በኩል አይከል ይሄዳል፤ ከአይከል ደግሞ ኑግና ጤፍ፣ በላዩም ላይ ሰው ጭኖ ይመለሳል። ጠዋት ጠዋት ሳል ሳትጨርስ ስለማትነሳ የሰፈሩ ልጆች “እትየ ሳል” አሏት፤ ስሙም ጸደቀላት። ማታ ከሩቅ ስትስል ስንሰማ “አባባ መጣ!” እያልን እንሮጥ ነበር።

አንድ ዓመት ክረምቱ እንደወጣ አባቴ ማኪናዋን አረንጓዴ ቀለም አስቀባት። አንዲት ጎረቤታችን በራችን ላይ ቆማ ከላይ እስከ ታች አየቻትና “ምነው እንዲህ አማረች!” አለች። እንትፍ እንትፍ አላለች፣ የማርያምንም ስም አልጠራች፤ አድንቃ ብቻ ሄደች። እናቴ ፊቷ ልውጥ አለ። ወሩ ሳይወጣ እትየ ሳል ታመመች።

ሕመሟ ግራ ያጋባ ነበር። ሜዳው ላይ ደህና ትሄድና ዳገት ሲጀምር ነጭ ጭስ ትተፋለች፤ ሁለት ሦስቴ ትንቀጠቀጥና ቀጥ ትላለች። አባቴ “አየር ገብቷታል” ይላል። ከሞተሩ ጎን ያለውን ፖምፓ፣ ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚገፋውን ማለቴ ነው፣ ብሎኑን ያላላና በእጁ ይገፋል። ናፍጣው መጀመሪያ አረፋ እየደፈቀ ይመጣል፤ አረፋው ጠፍቶ ጥርት ብሎ ሲፈስ ብሎኑን ያጠብቃል። ከዚያ ሰፈርተኛው ይጠራና ይገፋታል፤ ስላ ስላ ትነሳለች። ለጥቂት ቀን ትሠራለች። ደግሞ ትቆማለች። ማጣሪያውን ቀየረላት፣ ቱቦዎቿን አንድ በአንድ ነፍቶ አጸዳላት። ሰው ከታማሚ ጋር አብሮ እንደሚከሳ አባቴም ከሳ። ራት ቀርቦለት በጉርሻው መሐል እንቅልፍ ይወስደው ነበር።

እናቴ ግን የነገሩን ሥር ያወቀች መስሏት ነበር። ዓይን ነው። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በጠርሙስ ጠበል ይዛ ትመጣለች፤ እኛን ትረጫለች፣ ደጃፉን ትረጫለች፣ ከዚያ እኛን ወደ ቤት አስገብታ ወደ ማኪናዋ ትሄዳለች። አባቴ ያን ሰዓት ማኅበር ነው፣ ወይም ደክሞት ተኝቷል። እኛም ጎማውን ረጭታ የምትመለስ ይመስለን ነበር።

በዚህ ላይ የሁመራ ነገር መጣ። አንድ የሩቅ ዘመዳችን ከሰሊጥ እርሻ ላይ ትራክተር ይነዳ ነበርና አባቴን “ና፣ እዚህ ሥራ ሞልቷል” እያለ ሰው ይልክበታል። አባቴ አንድ ቀን “እንግዲህ ይቺ ካልዳነች ሸጫት እወርዳለሁ” አለ። እናቴ ታላቅ ወንድሟን ለዚያ በረሃ የሰጠች ናት፤ ወባ በልቶት መቃብሩን እንኳ አላየችም። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠርሙሱ አንድ መሆኑ ቀርቶ ሁለት ሆነ።

በመጨረሻ አባቴ ከአዲስ ዓለም ሰፈር መካኒኩን ኑርሁሴንን አመጣ። ኑሩ ነበር የምንለው፤ ወሬኛ፣ ሲሠራ የሚያንጎራጉር ሰው ነው። ያን ጠዋት ግን አላንጎራጎረም። ከናፍጣው ታንከር ሥር ያለውን ብሎን ፈታና የወጣውን በጠርሙስ ተቀበለ፤ ጠርሙሱንም ድንጋይ ላይ አስቀምጦ “እስቲ ይረፍ” አለ። ሁላችን ጠርሙሱን ከበን ቆምን። ቀስ በቀስ ለየ። ከላይ ቢጫ ናፍጣ፣ ከሥሩ ኩልል ያለ ውሃ።

“አያ ተገኘ፣” አለ ኑሩ ወደ አባቴ ዞሮ፣ “ፖምፓ እኮ ወዙ ናፍጣው ነው። ውሃ ሲገባው ይዝጋል። አየር አይደለም ይኼ። ናፍጣ ከማን ነው የምትገዛው?”

አባቴ ናፍጣ የሚገዛው አይከል ላይ ከአያ ቢሰጥ በርሜል ነበር። አያ ቢሰጥ ወዳጁ ብቻ አይደለም፤ ልጁን ክርስትና ያነሳለት አበ ልጁ ነው። የአባቴ ዓይን ደም መሰለ። “ውሃ ሸጠልኝ! አበ ልጄ ውሃ ሸጠልኝ!” እያለ ዱላውን ሊያነሳ ወደ ቤት ገባ። ዛሬውኑ አይከል ሄዶ በገበያ መሐል ሊያዋርደው፣ ከዚያም ዳኛ ፊት ሊያቆመው ማለ።

እናቴ በሩ ላይ ቆመችበት። በወንዶች ፊት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም ነበር።

“ቢሰጥን ይተዉት። በእግዜር፣ ሰውየውን አይንኩት። እኔ ነኝ የጨመርሁት።”

“ምኑን?”

“ደግሞም ውሃ አይደለም፣” አለች። “ጠበል ነው።”

ኑሩ እንኳ እጁን መጥረግ ተወ። አባቴ ዱላውን እንደያዘ ጎማ ላይ ተቀመጠ። ይመታታል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሱ ግን ቁጣውም ያለቀበት ይመስል ነበር። ቆይቶ “ስንት ጊዜ?” አላት።

“በታመመች ቁጥር። ባልዳነች ጊዜ ደግሞ አነሰባት ብዬ አበዛሁላት።”

ኑሩ ጎንበስ ብሎ መፍቻውን እየፈለገ፣ ለማንም እንዳልተናገረ ሰው “የእኔም እናት ብትሆን ዘምዘም ነበር የምትጨምርባት” አለ። ይኼኔ አባቴ ሳቀ። መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ኋላ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኛም ሳቅን፣ እናቴም በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች ሳቀች። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ እኛንም እንዲያ ነው ያደረገን።

ፖምፓው ሲፈታ ውስጡ በዝገት ተያይዞ ነበርና። ኑሩ በናፍጣ ነክሮ፣ በጨርቅ ፈትጎ፣ ቀናት ለፋበት። መለዋወጫ ፍለጋ አሥመራ ድረስ ሰው ተላከ፤ እንዲህ ላረጀ ማኪና አይገኝም የሚል መልስ መጣ። እትየ ሳል አረንጓዴ ቀለሟ ሳይደበዝዝ ብረቷ ተሸጠ። ሰኔ ሳይገባ አባቴ ወደ ሁመራ ለመውረድ ጓዙን አሰረ።

እናቴ ከዚያ ቀን ወዲህ ጠበል ይዛ ቤት ገብታ አታውቅም። ሄዳ ትጠመቃለች፣ ባዶ እጇን ትመለሳለች። አባቴ የሚሄድ ዕለት ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ “ጠበልሽ የት አለ?” አላት። ባዶ እጇን ዘርግታ አሳየችው። “ከጎረቤት አምጪ” አላት። አምጥታ ጠርሙሱን እንደያዘች ቆመች። አባቴ ባርኔጣውን አወለቀና እፊቷ አጎነበሰ።

“እኔ ላይ አፍስሺው፣” አላት። “እኔ አልዝግም።”

ሙሉውን ጠርሙስ አፈሰሰችበት። ጋቢው በስብሶ ውሃ እያንጠባጠበ ነው የሄደው።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት እየወረደና እየወጣ ኖረ። ሲመጣ ዓይኑ ቢጫ ነው፣ አንዳንዴም ያንቀጠቅጠዋል። ናፍጣ መሽተቱን ግን አልተወም። እናቴ ማታ ማታ ጆሮዋን ወደ መንገዱ አድርጋ ትቀመጥ ነበር፤ የሚስል ማኪና ግን አልነበረም። እኔም ሳድግ ያን አቀማመጧን ከእሷ ወረስሁ መሰለኝ፤ ሰው ስጠብቅ ነው ያረጀሁት።

አሁን ልጄ ሾፌር ነው። መኪናው ሲታመም ኮምፒውተር ይሰኩበታል፤ ሕመሙን ወዲያው ይናገራል፤ ጠርሙስ ከቦ የሚቆም ሰው የለም። ባለፈው ሩቅ መንገድ ሊሄድ ሲነሳ ጠበል ይዤ ወጣሁ። አስቀድሜ የነዳጁ ክዳን መዘጋቱን በእጄ ዳሰስሁ። ከዚያ “አጎንብስ” አልሁት።

“እኔን ተይኝና መኪናዋን እርጫት፣ እማ” አለኝ፣ ሰዓቱን እያየ።

“አንተ አጎንብስ፣” አልሁት። “መኪናዋ ትዝጋለች።”