አሥራ ሦስተኛው ወር

ዛሬ ጠዋት ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ ሲደበድበው፣ የሰፈሩ ልጆች ወጥተው «ሩፋኤል አሳድገኝ!» እያሉ ሲዘሉ ሰማሁ። የእርጥብ አፈር ሽታ በመስኮት ሲገባ ያ ላፕቶፕ ትዝ አለኝ፤ ጎኑ የተሰነጠቀው፣ ሲግል የተቃጠለ ፕላስቲክ የሚሸተው። እስቲ ላጫውትህ።

ያኔ መካኒሳ፣ ከቤታችን ብዙም በማይርቅ ኮሌጅ ፕሮግራሚንግ እማር ነበር። አባቴ የደብራችን የክርስትና መዝገብ ጸሐፊ ነበር። ወንዱ በአርባ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀን ክርስትና ሲነሡ ቀኑን የሚቆጥረው እሱ ነበር። ዓይኑ እየደከመ መጣ። «ማየት ካቃተኝ መዝገቡን ለሌላ ይሰጡታል» አለ አንድ ቀን፣ መነጽሩን በጋቢው ጫፍ እየወለወለ። እንደዚያ ፈርቶ አይቼው አላውቅም።

ኮምፒውተሩ ላይ ተዘጋጅቶ የሚመጣው የቀን መቁጠሪያ የፈረንጅ ነው፤ ወሩ አሥራ ሁለት፣ ቁጥሩም ጉንዳን የሚያህል። መምህራችንን ባማክረው «ያለውን ክላስ፣ ማለትም የተዘጋጀውን የኮድ ንድፍ፣ ውረሺ፣ የጎደለውን ራስሽ ሥሪ፤ እያንዳንዱን ቀን እንደ አንድ የሚጫን ቁልፍ አድርገሽ ሣዪው» አለኝ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። መስመሩን፣ ቀለሙን፣ ቁጥሩን ሁሉ በኮድ ሣልኩ። የልደቱን ቀን ሲጫኑት የክርስትናው ቀን ቀይ ይሆናል። ዛሬ እንጀራዬ ይኸው ሥራ ነው፤ እንደዚያኛው የተጨነቅኩለት ግን የለም።

አባቴ ስክሪኑን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ አየና በሳቅ ፈነዳ። «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አሉ! ጳጉሜን ሠላሳ ቀን አደረግሻት?» ወሮቹን ሁሉ ከአንድ ክላስ ስላወረስኳቸው ጳጉሜም ሠላሳ ቀኗን ይዛ ቁጭ ብላለች። በእኔ ሰሌዳ ቢሆን የነሐሴ ሕፃናት ጳጉሜ አሥራ አምስት ቀን ክርስትና ሊነሡ ነበር!

አስተካከልኩት። ከዚያ «ትንሽ ሰፋ አድርጊው» ይለኛል፣ አሰፋለሁ። በመጨረሻ ስክሪኑን የሚሞላው የዕለቱ ቀን ብቻ ሆነ። ጠዋት ጠዋት ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አስቀምጥለታለሁ፤ አየት አድርጎ ቀኑን ይነግረኛል። አንድም ቀን አልተሳሳተም።

በዓመቱ የሩፋኤል ዕለት፣ እንዲሁ ዝናብ ሲጥል፣ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አድርጌ ልከፍተው ስል መብራት ጠፋ። ባትሪው ከሞተ ስለቆየ ስክሪኑ ጥቁር እንደሆነ ቀረ። ይህንኑ ልነግረው አፌን ሳልከፍት ፊቱን ወደ ስክሪኑ አቅንቶ «ጳጉሜ ሦስት። ቁልጭ ብሎ ይታያል!» አለኝ።

ጓዳ ገብቼ እናቴን ስጠይቃት ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ማየት ካቆመ ሁለት ወር ሆነው፤ መዝገቡንም አስረክቧል። ማለዳ ተነስቶ ቀኑን በጣቱ ይቆጥራል። ‹ልጄ የደከመችበት ነው፣ እንዳትነግሪያት› ብሎኝ ነው» አለችኝ። እዚያው ጓዳ ውስጥ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

ማወቄን አልነገርኩትም። እስኪያርፍ ድረስ ጠዋት ጠዋት ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አስቀምጥለት ነበር።

«አባዬ፣ ትንሽ ሰፋ አድርጌልሃለሁ። ይታይሃል?»

«ቁልጭ ብሎ!»